ዳኛው መቼ ይራራል? በከርሰ ምድር ካርታ ላይ ስለሚካሄድ ውጊያ

በር አለ። ከበሩ ወዲያ ስድስት ጎብሊኖች አሉ። ካርታው ከተሣለበት ቀን ጀምሮ እዚያው ቆመዋል፤ አይበሉም፣ አይተኙም፣ ሃያ እርምጃ ርቆ ባለው ክፍል ጓዶቻቸው ሲታረዱ የሚሰማውን ጩኸት አይሰሙም። ቁጥራቸው ስድስት የሆነው ዋሻው ስድስት ጎብሊን ስለሚመግብ አይደለም፤ አራት ተጫዋቾች ጥቂት ቆስለው፣ ጥቂት ደንግጠው፣ በመጨረሻ ግን እንዲያሸንፉ ስለተሰላ ነው። ስሌቱ ከተሳሳተ ደግሞ ዳኛው ከመከለያው ጀርባ የወደቀውን ዳይስ አይቶ ሌላ ቁጥር ይናገራል። ዛሬ በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ «ውጊያ» የሚባለው ይህ ነው። እኔ ግን ውጊያ ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ሥነ ሥርዓት ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚወስኑበት፣ አንዱ ደግሞ ዳኛ ሆኖ ዓለሙንና በውስጡ ያሉትን ሌሎች ፍጥረታት ሁሉ የሚወክልበት ጨዋታ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንጅን በጨዋታው ቋንቋ ክፍሎች፣ መተላለፊያዎችና ደረጃዎች ያሉት የከርሰ ምድር ሕንጻ ወይም ዋሻ ነው፤ ሀብትም አደጋም በውስጡ አለ። ካርታው በዳኛው እጅ ነው። ተጫዋቾቹ የሚያዩት ችቧቸው የሚያበራውን ያህል ብቻ ነው።

ክርክሬ አንድ ነው። ዳኛ ሊራራ ይገባዋል፤ የርኅራኄው ቦታ ግን ከውሳኔ በፊት እንጂ ከውጤት በኋላ አይደለም። ምልክቱን፣ ድምፁን፣ ሽታውን፣ ሌላውን መውጫ፣ የመደራደሩን ዕድል አስቀድሞ በልግስና ይስጥ፤ ተጫዋቾቹ ከወሰኑ በኋላ ግን እጁን ይሰብስብ። የዘመኑ ልማድ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፤ አስቀድሞ መረጃ ይነፍጋል፣ በኋላ ውጤት ይመጸውታል።

ይህ የመዝናኛ ጉዳይ ነው ብሎ ለማለፍ የሚቃጣው አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ በሥራ ቦታችሁ «የጠረጴዛ ላይ ልምምድ» በሚባለው ነገር ሳትቀመጡ አልቀራችሁም፤ ወረርሽኝ ቢነሣ፣ የባንኩ ኮምፒውተር በጥቃት ቢዘጋ፣ የርዳታ መንገድ ቢቋረጥ ምን እናደርጋለን እየተባለ አንድ አመቻች ወረቀት በየተራ የሚያወጣበት ማለቴ ነው። የዚያ ልምምድና የዚህ ጨዋታ አያት አንድ ነው። በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ ለፕሩሲያው ንጉሥ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም 3ኛ በጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ አቀረቡ። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጃቸው በ1824 አሻሽሎ፣ በ1፡8,000 ሚዛን በተሣለ ካርታ ላይ እንዲካሄድ አድርጎ አሳተመው። የኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግም ጨዋታውን ባዩ ጊዜ ተደንቀው ለሠራዊቱ እንዲዳረስ ደገፉት። የዚያ ጨዋታ ታላቅ ፈጠራ ካርታው አይደለም፤ ካርታማ ቀድሞም ነበር። ታላቁ ፈጠራ በሁለቱ ወገኖች መካከል የተቀመጠው ዳኛ ነው። አንዱ ወገን ሌላው የት እንዳለ አያውቅም፤ ዳኛው ያውቃል። ትእዛዝ ይቀበላል፣ ዳይስ ይጥላል፣ የሆነውን ይናገራል፤ ለማንም አይወግንም።

ሕጉ በዝቶ ጨዋታው ሲከብድ፣ በ1876 ዩልዩስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባሉት የፕሩሲያ መኮንን ሠንጠረዡን ትታችሁ በልምድ ባለው ዳኛ ፍርድ ተማመኑ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ስለዚህ «ሕግ ወይስ ዳኛ» የሚለው ጠብ ከዛሬዎቹ ተጫዋቾች እጅግ ይቀድማል። አሜሪካዊው መኮንን ቻርልስ ቶተን በ1880 «ስትራቴጎስ» የተሰኘውን የጦር ጨዋታ መጽሐፍ አሳተመ። ዘመናት አልፈው መጽሐፉ ሚኒሶታ ውስጥ በዴቪድ ዌስሊ እጅ ገባ፤ ዌስሊም በ1969 እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት ሳይሆን አንድ ሰው የሚሆንበትን «ብራውንስታይን» የተባለ ጨዋታ አዘጋጀ። ከዚያ ክበብ የወጣው ዴቭ አርነሰን ነገሩን ብላክሙር ወደተባለ ምናባዊ ግንብ፣ ከግንቡም ወደ ምድር ቤቱ ይዞት ወረደ። ከዚያ በኋላ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነው የ1974ቱን ጨዋታ አወጡ። እንግዲህ ደንጅኑ የጦር ትምህርት ቤት የልጅ ልጅ ነው። ከአያቱ የወረሰው ትልቁ ንብረት የማያዳላው ዳኛ ነበር፤ ያባከነውም ይህንኑ ነው።

የጥንቱን ሥርዓት የማውቀው በቶም ሞልድቬይ ከተዘጋጀው የ1981 የጀማሪዎች መጽሐፍ ነው። አንድ የአሰሳ ዙር አሥር ደቂቃ ነው። አንድ ችቦ ስድስት ዙር ይበራል። በየሁለት ዙሩ ዳኛው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ አንድ ከወጣ ተዘዋዋሪ ጭራቅ ይመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ችቦ ዕድሜ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመገናኘት ዕድሉ ከ100 42 ገደማ ነው። ተዘዋዋሪው ጭራቅ በአብዛኛው ሀብት አይዝም። የልምድ ነጥብ ደግሞ በዋናነት የሚገኘው ከሀብት ነው፤ ለአንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ። አንድ ጎብሊን መግደል የሚያስገኘው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። እነዚህን ጥቂት ቁጥሮች አንድ ላይ ስታዩ የፖሊሲ ሰው ወዲያው የሚያውቀው ነገር ይታያችኋል፤ ይህ የማበረታቻ ሥርዓት ነው። ጊዜ ዋጋ አለው፣ ብርሃን ዋጋ አለው፣ ውጊያ ዋጋ አለው፤ ሽልማቱ ግን ከውጊያ ውጭ ነው። ማንም ተጫዋቾቹን «ተጠንቀቁ» ብሎ ሳይሰብካቸው ይጠነቀቃሉ።

ከዚህ በላይ ሁለት ዳይሶች አሉ፤ ዛሬ የተረሱት እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያው የአቀባበል ዳይስ ነው። ጭራቅና ሰው ሲገናኙ፣ የጭራቁ አሳብ አስቀድሞ ካልታወቀ በቀር፣ ዳኛው ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል። ሁለት ከወጣ ወዲያው ጥቃት ነው፤ ይህም ከ36 አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከ3 እስከ 5 ጠላትነት ነው፣ ሊያጠቃም ይችላል። ከ6 እስከ 8፣ ማለትም ከ36 አሥራ ስድስት ጊዜ፣ ፍጥረቱ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ከ9 እስከ 11 አያጠቃም፤ ወይ ይሄዳል፣ ወይ የቀረበለትን ነገር ያመዛዝናል። አሥራ ሁለት ከወጣ በደስታ ይቀበላል። ስለዚህ ከሚገጥሟችሁ ፍጥረታት መካከል ትልቁ ክፍል ምን እንደሚያደርግ ገና ያልወሰነ ነው። ቀጥሎ የሚሆነው በእናንተ አንደበት፣ በእጃችሁ ባለው ስንቅ፣ ሰይፋችሁን በመምዘዛችሁ ወይም ባለመምዘዛችሁ ይወሰናል።

ሁለተኛው የወኔ ዳይስ ነው። አንድ ወገን የመጀመሪያውን ሟች ሲያይ፣ ደግሞም ግማሹ ሲወድቅ፣ ዳኛው ሁለት ዳይስ ጥሎ ከፍጥረቱ የወኔ ቁጥር ጋር ያስተያያል፤ ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። የጎብሊን ወኔ 7 ነው፤ ከ36 አሥራ አምስት ጊዜ ይሰበራል። ንጉሣቸው በሕይወት አብሯቸው ካለ ግን ወኔያቸው ወደ 9 ይወጣል፤ ያኔ የሚሰበረው ከ36 ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ሕግ ብቻዋን አንድ ሙሉ የውጊያ ዕቅድ ትወልዳለች፤ ንጉሡ የት ነው? ከወታደሮቹ ሊነጠል ይችላል? ሃያውን ከመግደል አንዱን መያዝ አይሻልም?

የጋይጋክስ ድርሰት የሆነውን «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» ተመልከቱ። በጀማሪዎች ሣጥን ውስጥ አብሮ ይሸጥ ስለነበር የአንድ ትውልድ ተጫዋች የመጀመሪያ ካርታ ሆኗል። በአንድ ሸለቆ ግራና ቀኝ የተለያዩ ወገኖች የሚኖሩባቸው ዋሻዎች አሉ። በጎብሊኖቹ ዋሻ የጥበቃ ክፍል አለ። የጦርነት ጩኸት ሲሰማ ከጠባቂዎቹ ሁለቱ ወደ አንድ ስውር በር ሮጠው 250 የወርቅ ሳንቲም የያዘ ከረጢት ይወረውራሉ። ከበሩ ወዲያ የሚኖረው ግዙፍ ኦግር ነው፤ ክፍያውን ተቀብሎ ሊያግዛቸው ይመጣል። አንድ ምቱ ጀማሪ ገጸ ባሕርይን ሊገድል ይችላል።

አሁን ይህን ካርታ በሁለት ዓይነት ዳኛ እጅ አስቡት። የዘመኑ ዳኛ «ስድስት ጎብሊንና አንድ ኦግር ለዚህ ቡድን ይከብዳል» ብሎ ኦግሩን በክፍሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ተጫዋቾቹ ቁስላቸውን አክመው በሩን ሲከፍቱ ለብቻው እንዲገጥማቸው። ከረጢቱ የኦግሩ ሀብት ይሆናል፤ ጎብሊኖቹ አይጮኹም። ሁለት የተመጠኑ ውጊያዎች ተገኙ፤ ከሁለቱ አንዱም የሚያስብበት ነገር የለውም።

ያልተበላሸው ዳኛ ግን የተጻፈውን ያደርጋል፤ ነገር ግን ቀድሞ ይናገራል። ከዋሻው አፍ ላይ ከጎብሊን እግር የሚበልጥ ትልቅ ዱካ እንዳለ ይነግራቸዋል። በግድግዳው ውስጥ የከባድ ፍጥረት ማንኮራፋት እንደሚሰማ ይጠቁማል። ውጊያው ሲነሣ ሁለቱ ጎብሊኖች ከሰልፉ ተነጥለው ከረጢት ይዘው ሲሮጡ ያሳያቸዋል፤ ከዚያ «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። በዚያች ቅጽበት ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥያቄ ማን ስንት ነጥብ መታ የሚል አይደለም። ከረጢቱ የት እየሄደ ነው? ቀስተኛው ፊቱ ያለውን ጎብሊን ትቶ የሚሮጠውን ይምታ? ሒሳቡንም እዩት፤ ስድስቱ ጎብሊኖች ተደምረው ሠላሳ ነጥብ ናቸው፣ ከረጢቱ ብቻውን ሁለት መቶ ሃምሳ። ኦግሩ ከመጣ በኋላ እንኳ ነገሩ አያበቃም። በገንዘብ የመጣን በገንዘብ ማነጋገር ይቻላል፤ ዳኛው ዓለሙን እንደ ዓለም ከያዘው ይህን ለመፍቀድ ሌላ ሕግ አያስፈልገውም።

በዚያው ጊዜ፣ በ1979፣ ጄኔል ጄኬይስ «ዘ ካቨርንስ ኦቭ ትራሺያ» የተባለውን ደንጅን አወጣች። ከአንድ በላይ መግቢያ፣ ክብ የሚሠሩ መተላለፊያዎች፣ አንዱን ፎቅ ከሌላው የሚያገናኙ ብዙ መንገዶች አሉት። እንዲህ ባለ ካርታ ላይ ማፈግፈግ ይቻላል፣ መክበብ ይቻላል፣ መከበብም ይቻላል። ክፍል ከክፍል እንደ ዶቃ በአንድ ክር በተሰካበት ካርታ ላይ ግን ተጫዋቹ የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጣዩን በር ዛሬ እንክፈት ወይስ ዐርፈን ነገ?

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ለወርቅ ነጥብ መስጠት በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ከዋናው ሕግ ወጥቶ በዳኛው ፈቃድ የሚሠራ ተጨማሪ ሕግ ሆነ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ለእያንዳንዱ ጭራቅ «የፈተና ደረጃ» የሚል ቁጥር ሰጠው፤ ከቡድኑ ደረጃ ጋር የሚስተካከል ፍልሚያ ከቡድኑ አቅም 20 በመቶ ገደማ እንዲበላ ተሰላ። አምስት ጫማ ስፋት ያለው ካሬም የውጊያው መለኪያ ሆነ። የ2014ቱ እትም የዳኛ መጽሐፍ አንድ ቡድን በአንድ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያዎችን ሊቋቋም እንደሚችል ይነግረናል። ወኔ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዳኛው ከፈለገ የሚወስደው አማራጭ ሕግ ሆኖ ቀረ። ነጥቡ ከወርቅ ወደ ግድያ ዞሮ የወኔው ዳይስ ሲወጣ፣ ውጊያ ከወጪ ወደ ገቢ ተለወጠ። ተጫዋቹ ስግብግብ ሆነ፣ ደም ጠማው እያሉ የሚያማርሩ ዳኞች ማበረታቻውን ማን እንደጻፈው ይጠይቁ።

የፈተና ደረጃ መሣሪያ እንደ መሆኑ አልጠላውም። ዳኛ አንድ ፍጥረት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ እንዴት ያስጠነቅቃል? ጠቡ መሣሪያው ግብ በሆነ ጊዜ ነው። ቁጥሩ የተሠራው ለማስጠንቀቂያ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ያገለገለው ግን ዓለሙን በተጫዋቾቹ ልክ ለመስፋት ነው። በልካቸው በተሰፋ ዓለም ውስጥ የሚጠና ነገር የለም፤ ወደ የትኛውም በር ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ ያው የእናንተ ልክ ነው።

ስለ ካሬውም ፍትሕ ላድርግ። ካርታን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ምስሎችን በካሬ ማቆም እውነተኛ ችግር ፈትቷል። «እኔ እኮ ከዓምዱ ጀርባ ነበርኩ»፣ «አልነበርክም» የሚለውን ክርክር አስቀርቷል። በጠባብ መተላለፊያ ሁለት ሰው ብቻ ጎን ለጎን ሲዋጋ የተቀሩት ምን ይሠራሉ የሚለውን ጥያቄ በዓይን እንዲታይ አድርጓል። ነገር ግን ካሬው ከእይታ ውጭ ያለውን ሁሉ የሌለ ያስመስላል። ምንጣፉ ላይ ያልተሣለ መተላለፊያ የለም፤ ምንጣፉ ላይ ያልቆመ ጭራቅ አይሰማም። የእኔ ጠረጴዛ ተጫዋቾች በሦስት የሰዓት ቀጠና ስለሚኖሩ የምንገናኘው በኮምፒውተር መስኮት ነው፤ በዚያ ደግሞ ጨለማው ራሱ በፕሮግራም ይገለጣል። ተጫዋቹ ካርታ አይስልም፣ ስለዚህ አይሳሳትም፣ ስለዚህ አይጠይቅም። ካሬውን አልጣልኩትም። ውጊያው የአንድ ክፍል ጉዳይ ሲሆን እዘረጋዋለሁ፤ ውጊያው የሕንጻው ሁሉ ጉዳይ ሲሆን አጥፌው ወደ ቃል እመለሳለሁ።

አያቶቻችን የሚጫወቱት የሐበሻ ሰንጠረዥ በዚህ ረገድ ከዛሬዎቹ መጻሕፍት የጠለቀ ነገር ያውቅ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው መበላላት እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ወገኖች እኩል፣ በፍጥነት፣ እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። ይህ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። ደም ከመፍሰሱ በፊት ያለው ጊዜ የጦርነቱ አካል መሆኑን ሕጉ ራሱ ያውቃል። የዘመኑ የደንጅን ዳኛ ግን «ቀዳሚነት ጣሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ እንደ መግቢያ ይታለፋል። እኔ የምለው ውጊያው የሚጀመረው በሩ ላይ ጆሮ ሲለጠፍ ነው። ችቦው ሲጠፋ፣ የብረት ልብሱ በድንጋይ ላይ ሲያቃጭል፣ አንዱ ጎብሊን ለሽንት ወጥቶ የእግር ዱካ ሲያይ ውጊያው ተጀምሯል። ዳኛው ለእያንዳንዱ የጭራቅ ወገን አስቀድሞ ሊጽፍ የሚገባው የመቋቋም ነጥቡን ብቻ አይደለም፤ ምን ይፈልጋል፣ ከየት ይሰማል፣ ማንን ይጠራል፣ በየት ይሸሻል፣ ለምን ያህል ነገር ይሸጣል። አምስት መስመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዳኛው ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ የጻፈውን ማክበር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ተሰወረው ዳይስ እመለሳለሁ።

በ2002 ክረምት የአሜሪካ ጦር «ሚሌኒየም ቻሌንጅ» የተባለ ግዙፍ ልምምድ አካሄደ። ወጪው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከ13,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያለ ጠላት አገርን የሚወክለውን ቀይ ወገን የመሩት ጡረተኛው የባሕር ወለድ ጦር ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ነበሩ። ሬዲዮአቸው እንደሚጠለፍ ስላወቁ መልእክት በሞተር ብስክሌት ላኩ፤ የሰማያዊው ወገን መርከቦች ሲቀርቡ ቀድመው በሚሳይልና በትንንሽ ጀልባዎች መቱ። በዳኞቹ ሒሳብ አንድ አውሮፕላን ተሸካሚን ጨምሮ አሥራ ስድስት መርከቦች ሰጠሙ። ልምምዱ ቆመ። ከዚያ መርከቦቹ «ተንሳፈፉ» ተብሎ ቀጠለ። ቀዩ ወገን የአየር መከላከያ ራዳሩን እንዲያበራ፣ መሣሪያውን በሚታይበት ቦታ እንዲያኖር ታዘዘ። ቫን ራይፐር በመካከሉ ኃላፊነቱን ትተው ወጡ።

ለዚያ ውሳኔ የቀረበው መከላከያ ሞኝነት አልነበረም። በሺህ የሚቆጠር ወታደር ቀሪ ሙከራዎችን ለማካሄድ እየጠበቀ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልቋል ብሎ ማሰናበት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ዳኛው ከመከለያው ጀርባ ቁጥር ሲለውጥ የሚያቀርበው ምክንያትም ቃል በቃል ይኸው ነው፤ «ታሪኩ መቀጠል አለበት፣ ያዘጋጀሁት ነገር ገና አልታየም።» በሁለቱም ቦታ የተደበቀው ነገር አንድ ነው። መርከቡን ማንሳፈፍ በራሱ ኃጢአት አይደለም። «ይህ ሙከራ አልቋል፣ ተሸንፈናል፣ ትምህርቱን ጽፈን ሌላ ሙከራ በአዲስ እንጀምር» ማለት ሐቀኛ ነው። ሕጉን ከውጤቱ በኋላ ለውጦ፣ የተለወጠውን ድል እንደ ድል መመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ተቃዋሚዎቼ ጋይጋክስን ይጠቅሱብኛል፤ መጥቀሳቸውም ትክክል ነው። በ1979ኙ የዳኛ መጽሐፉ ዳኛው ዳይሱን የመሻር መብት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ጊዜ በጥብቅ ካልተመዘገበ ትርጉም ያለው ዘመቻ ሊኖር እንደማይችልም ጽፏል። ዳኞች የመጀመሪያውን ፈቃድ በጉጉት ወርሰው ሁለተኛውን ግዴታ ረስተዋል። ጊዜ በተመዘገበበት፣ ችቦ በሚያልቅበት፣ ጭራቅ በሚሸሽበት ጠረጴዛ ላይ ዳይስ የመሻር ፍላጎት እምብዛም አይነሣም፤ ተጫዋቾቹ ከሞት በፊት የሚያልፉባቸው በሮች ብዙ ናቸውና። መሻር የሚያስፈልገው ሌሎቹ በሮች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ ነው። የዘጋቸውም ዳኛው ነው።

«ሰዎች በሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ አላቸው» ይባላል። እውነት ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ያንን ሦስት ሰዓት ባዶ መተላለፊያ ሲለካ እንዲያሳልፍ አልፈልግም። ግን ሰዓቱን የሚበላው ምንድን ነው? ወኔ የሌላቸው ስድስት ጎብሊኖች የመጨረሻው እስኪሞት የሚካሄደው ውጊያ ነው። የመጀመሪያው ሲወድቅ ግማሾቹ ቢሸሹ ውጊያው በግማሽ ጊዜ ያልቃል፤ የሸሹት ደግሞ የቀጣዩ ሰዓት ታሪክ ይሆናሉ።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። አንዲት ተጫዋች ለሁለት ዓመት የኖረችበትን ገጸ ባሕርይ በአንድ ክፉ ዳይስ እንድታጣ ማድረግ ጭካኔ አይደለም? ይህን ጥያቄ አላቃልለውም፤ የሚያለቅሱ አዋቂዎችን አይቻለሁ። ነገር ግን ለሁለት ዓመት የኖረችበትን ነገር ዋጋ የሰጠው ምንድን ነው? ያቺ ገጸ ባሕርይ ከዚያ ድልድይ በሕይወት የወጣችው በእርሷ ብልሃት ነው ወይስ ዳኛው 19ን 9 ብሎ ስላነበበው? አንድ ጊዜ ከተጠራጠረች፣ ያለፉት ድሎች ሁሉ ወደ ኋላ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ እኔ ዳይሱን በጠረጴዛው መሀል፣ በሁሉ ፊት እጥላለሁ፤ ከመጣሌም በፊት ምን ቢወጣ ምን እንደሚሆን እናገራለሁ። ያኔ ማፈግፈግ የሚፈልግ ያፈገፍጋል። አንድ ጠረጴዛ ሞት አንፈልግም ብሎ ቢስማማም ቅር አይለኝም፤ በግልጽ ይስማማና ሽንፈት ማለት ምርኮ፣ ወይም የሀብት ማጣት፣ ወይም የጊዜ ማለፍ ይሁን። በሕግ የተጻፈ ምሕረት ምሕረት ነው፤ በስውር የተሰጠ ግን ማንም ሊተማመንበት አይችልም።

በሥራ ቦታችሁ ልምምድ ለምታዘጋጁም ይኸው ነው። የወረርሽኙ ሁኔታ የተቋሙ ዕቅድ እስኪሳካ ድረስ የሚለሳለስ ከሆነ፣ አመቻቹ ወረቀቱን የሚያወጣው የዳይሬክተሩን ፊት እያየ ከሆነ፣ ያ ክፍል ስድስቱ ጎብሊኖች የቆሙበት ክፍል ነው። ከልምምዱ በፊት መረጃውን አብዙላቸው፤ ጥያቄ ይጠይቁ፣ ስልክ ይደውሉ፣ ዕቅድ ይቀይሩ። ከወሰኑ በኋላ ግን መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው።

ዳኛ ሁሉን በግልጽ ይናገር ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው በሸለቆው ጀብዱ ውስጥ ተጫዋቾቹ ከመውረዳቸው በፊት የሚሰሟቸው ወሬዎች አሉ፤ እውነትም ሐሰትም ተቀላቅሎባቸዋል። ከሐሰቶቹ አንዱ «ብሪ ያርክ» የሚለው ቃል በጎብሊን ቋንቋ «እጅ ሰጥተናል» ማለት ነው ይላል። ቃሉ በእውነት የሚጮኸው ርዳታ ሲጠራ ነው፤ ከረጢቱ ወደ ኦግሩ የሚወረወረውም ያ ጩኸት ሲሰማ ነው። ወሬውን ያመነ ቡድን ጎብሊኖቹ ያንን ሲጮኹ ሰይፉን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ወጥመድ ፍትሐዊ ነው? ብዙ ዳኞች ይሰርዙታል፣ ወይም ተጫዋቾቹ ሲሳሳቱ አይተው የቃሉን ትርጉም በዚያው ቅጽበት ይለውጡላቸዋል። እኔ እንዳለ እተወዋለሁ። ወሬ መሆኑ ተነግሯቸዋል፤ ከመጠጥ ቤት የተለቀመ ነው። ቃሉን ለማጣራትም ቀላል መንገድ ነበራቸው፤ ከዋሻው ውጭ አንድ ጎብሊን በሕይወት ይዞ መጠየቅ። ይህን ያደረገ ቡድን ያቺን ጩኸት ሲሰማ ማፈግፈጉን ትቶ ወደ ስውሩ በር ይሮጣል፤ ከረጢቱ ከመድረሱ በፊት።